«ስብጥር» ወይስ መበተን?

(ይህ ጽሑፍ በለንደን የካውንስል ቤት ተከራይ የሆኑ ኢትዮጵያውያን ባደረጉት የእሑድ ስብሰባ ላይ የተሰማ ንግግር ነው። ለአንባቢ እንዲመች ጥቂት ቦታ ላይ ከማሳጠራችን በቀር እንዳለ አቅርበነዋል።)



እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ያውም ቡና አፍልቶ ቤት መቀመጥ እየተቻለ፣ ስለ ፎቅና ስለ ኪራይ ለመስማት መምጣታችሁ ነገሩ ምን ያህል እንዳስጨነቃችሁ ይነግረኛል። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። የሕግ ባለሙያም አይደለሁም። ወረቀት እያገላበጥኩ፣ ሰው እየጠየቅኩ እንጀራዬን የምበላ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ በሌሎች የደረሰውን ልነግራችሁ እንጂ ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ ከወዲሁ ይቅርታ።

ነገሩን ከአክስቴ ልጀምር። አክስቴ እዚሁ ለንደን ውስጥ በአንድ የካውንስል ፎቅ አምስተኛ ደርብ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ኖራለች። ልጆቿን ያሳደገችው እዚያ ነው። ሊፍቱ ሲበላሽ የጃማይካዊቷ ጎረቤቷ ልጆች ዕቃዋን ይሸከሙላታል፤ እሷም በፋሲካ ድፎ ዳቦ ትልክላቸዋለች። ባለፈው ዓመት በበሯ ሥር አንድ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ገባ። ሰፈሩ «ሊለማ» ነው ይላል። ሥዕሉ ላይ ዛፍ አለ፣ ብስክሌት አለ፣ በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡ ቀጫጭን ወጣቶች አሉ፣ ውሻ ሳይቀር አለ። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችውና «ቆይ እስቲ፣ እኔ የቱ ጋ ነኝ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነው።

ወረቀቱ ላይ አንድ ቃል ተደጋግሟል፤ «የተሰባጠረ ማኅበረሰብ» የሚል። ሀብታምና ድሃ፣ ባለቤትና ተከራይ፣ ነባርና ስደተኛ ባንድ ግቢ ተቀላቅሎ ይኑር ነው ነገሩ። ቃሉ ያምራል። ማን ይጠላዋል? ግን እኮ «ስብጥር» የሚባለው መድኃኒት ከፓሪስ እስከ ኮፐንሃገን ለአርባ ዓመት ተሞክሯል። መድኃኒቱን የወሰደው ማን ነው? የዳነውስ? ያልዳነውስ? እስቲ አብረን እንየው።

ፎቆቹ ሲሠሩ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአውሮፓ ከተሞች በቦምብ ፈርሰው፣ ሰው ባንድ ክፍል ታጭቆ፣ ሽንት ቤቱ በጋራ ሆኖ ነበር። መንግሥታቱም በፋብሪካ የተሠራ የሲሚንቶ ግድግዳ እያመጡ ፎቅ በፎቅ ላይ ደረደሩ። ፈረንሳዮች እነዚህን ግዙፍ ሰፈሮች «ግራንዝ አንሳምብል» ይሏቸዋል። አንድ ነገር እንዳትረሱብኝ፦ ፎቆቹ ሲሠሩ የድሃ መጣያ አልነበሩም። የፋብሪካው ሠራተኛ፣ አስተማሪው፣ የፖስታ ቤት ጸሐፊው ሁሉ ሙቅ ውኃና የግል መታጠቢያ አገኘሁ ብሎ በደስታ ነው የገባው። ስብጥሩ ያኔ ነበረ!

ታዲያ ያ ስብጥር ፍቅር አመጣ ወይ? ሻምቦርዶንና ሌሜር የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎች በ1970 ባወጡት ጽሑፍ በአካል መቀራረብ ማለት በኑሮ መቀራረብ እንዳልሆነ አሳዩ። ባንድ ደረጃ የሚወጣና የሚወርድ ሰው አንዱ የሌላውን ልጅ፣ ጩኸትና አኗኗር ይበልጥ ሊጠየፍ ይችላል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ምሁር ሁሉ ከዚህች ጽሑፍ ሳይጠቅስ አያልፍም። ሹማምንቱ ግን ያነበቧት አይመስልም።

በ1970ዎቹ ደህና ገቢ ያለው በባንክ ብድር የግሉን ቤት እየገዛ ወጣ። ፋብሪካዎች ተዘጉ። ቀሪው ሥራ አጡ፣ አዛውንቱና ስደተኛው ሆነ። ጥገናው ቀነሰ፣ ሊፍቱ ቆመ፣ አምፖሉ ጠፋ። ከዚያ ጋዜጣው «አደገኛ ሰፈር» ብሎ ጻፈ። ጥፋቱ የሊፍቱ ወይስ የነዋሪው?

ሁሉን ያየው ዛፍ

አምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ ቤይልመርሜር የሚባል ሰፈር አለ። ከ1966 ጀምሮ የተሠራ ነው። ከላይ ሲያዩት የንብ እንጀራ የሚመስል ባለ አሥር ደርብ ፎቅ፤ መኪና ከፍ ባለ መንገድ ላይ፣ ሰው ከታች በመናፈሻ ውስጥ። «የነገው ከተማ» ተባለ። የታሰበለት መካከለኛ ገቢ ያለው ሆላንዳዊ ግን ጓሮ ያለው ቤት ይሻለኛል ብሎ ወደ ሌሎች አዳዲስ ከተሞች ሄደ። በኅዳር 1975 ሱሪናም ነፃነቷን ስታገኝ ከዚያ የመጣው ብዙ ሰው ባዶ ቤት አግኝቶ ገባ። ቀጥሎ ከአንቲልስና ከጋና መጡ። ባዶ የቀሩትን የመኪና ማቆሚያዎች ቤተ ክርስቲያን አደረጓቸው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1992፣ እሑድ ማታ፣ አንድ የእስራኤል የጭነት አውሮፕላን ሁለቱ ፎቆች ላይ ወደቀ። የሞቱት 43 ናቸው ተባለ። በአካባቢው የተረፈ አንድ ዛፍ ነበር፤ ሰዉ «ሁሉን ያየው ዛፍ» አለው። ዛሬም የመታሰቢያው ሥፍራ እሱ ጋ ነው።

ዛፉ ከዚያ በኋላም ብዙ አይቷል። በዚያው ዓመት የታቀደው የመልሶ ማልማት ሥራ ቀስ በቀስ ሰፍቶ ከረጃጅሞቹ ፎቆች ግማሽ ያህሉን አፈረሰ። በቦታው ዝቅ ዝቅ ያሉ ቤቶች፣ ብዙዎቹም የሚሸጡ፣ ተሠሩ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቤይልመር ካየኋቸው ሁሉ የተሻለው ነው። እዚያው ያደጉ፣ ተምረው ሥራ የያዙ የሱሪናም ልጆች አዲሱን ቤት ገዝተው በሰፈራቸው ቀሩ። ስብጥሩ ከውጭ አልመጣም፤ ከውስጥ በቀለ።

የመጨረሻው ትልቅ ፎቅ ክላይቡርግ ይባላል። ርዝመቱ 400 ሜትር፣ ቤቶቹ 500። ይፍረስ ተብሎ ተወስኖ ነበር። በኋላ ላይ ባንድ ዩሮ ተሸጠ፤ ገዢዎቹ አጽሙን አድሰው ውስጡን ነዋሪው በራሱ እጅ እንዲጨርስ ሸጡት። በ2017 ያ «የማይረባ» ፎቅ የአውሮፓ ኅብረትን የሥነ ሕንፃ ሽልማት አገኘ! እንግዲህ ክፋቱ የሲሚንቶው አልነበረም ማለት ነው። ብቻ ሽልማቱ ሲመጣ የድሮዎቹ ተከራዮች አልነበሩበትም። ቀድመው ወጥተዋል።

ድማሚትና ሕግ

ፈረንሳዮች ማፍረሱን በድማሚት ነው የተያያዙት። በ1986 ፓሪስ ዳር ላ ኩርኔቭ ውስጥ «ደቡሲ» የተባለውን ረጅም ፎቅ አጋዩት። በ1994 ሊዮን አጠገብ ሌ ማንጌት በሚባል ሰፈር አሥር ማማዎች ባንድ ቀን ወደቁ። በ2003 በወጣው የቦርሎ ሕግ ደግሞ 200 ሺህ ቤት ሊያፈርሱ፣ ያንኑ ያህል ሊሠሩ፣ ያንኑ ያህል ሊያድሱ አቀዱ። ሕጉ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፍ ሲል፣ በ2005፣ ክሊሺ ሱ ቧ ውስጥ ከፖሊስ የሸሹ ሁለት ልጆች የኤሌክትሪክ ጣቢያ ውስጥ ገብተው ሞቱ፤ የከተሞቹ ዳርቻ ሦስት ሳምንት ነደደ። ወጣቱ የጠየቀው አዲስ በረንዳ አልነበረም። ሥራና ክብር ነበር።

ቤታቸው የፈረሰባቸውስ የት ሄዱ? ብዙዎቹ እዚያው ሰፈር ያልፈረሰው ፎቅ ውስጥ ወይም ሌላ ተመሳሳይ ሰፈር ገቡ። ድህነቱ አድራሻ ቀየረ እንጂ አልቀነሰም።

ይሁንና ፈረንሳዮችን የማመሰግንበት አንድ ነገር አለ። በታኅሣሥ 2000 ያወጡት ሕግ በትልልቅ ከተሞች አካባቢ ያለ ማዘጋጃ ቤት፣ ሀብታሙም ጭምር፣ ከቤቶቹ 20 በመቶውን ለማኅበራዊ ኪራይ ያውል ይላል፤ በ2013 ለብዙዎቹ ወደ 25 በመቶ ከፍ ብሏል። ይኸ ነው ቁም ነገሩ! ድሃው ብቻ አይሰባጠር፣ ሀብታሙም ይሰባጠር። ታዲያ ምን ሆነ? ኔዪ ሱር ሴን የሚባለው የፓሪስ የባለጸጎች ጎረቤት ሕጉ ከወጣ ከሃያ ዓመት በኋላ እንኳ 10 በመቶ አልደረሰም። ቅጣቱን ከፍሎ ይተኛል። ሀብታሙን «አልተሰባጠርክም» ብሎ ቤቱን ያፈረሰበት መንግሥት እስካሁን አላየሁም። ካያችሁ ንገሩኝ።

ዴንማርኮች ደግሞ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ጻፉት። ከ2010 ጀምሮ የ«ጌቶ» ዝርዝር አወጡ። በ2018 ሕግ መሠረት ከ1 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት ሰፈር፣ ከግማሽ በላይ ነዋሪው «ምዕራባዊ ያልሆነ» ከሆነ፣ የሥራ፣ የትምህርት፣ የገቢና የወንጀል መለኪያዎች ከተጨመሩበትና በዝርዝሩ ላይ ለዓመታት ከቆየ፣ የቤተሰብ ኪራይ ቤቶቹን እስከ 2030 ወደ 40 በመቶ መቀነስ አለበት። ይሸጥ፣ ይፍረስ፣ ይለወጥ። በ2021 «ጌቶ» የሚለውን ስም ተዉት፤ ሥራውን ግን አልተዉትም። «ምዕራባዊ ያልሆነ» ማለት እኔና እናንተ ነን። እዚያ የተወለዱ ልጆቻችንም ይቆጠራሉ። ተከራዮች ተከራክረው ጉዳዩ አውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በየካቲት 2025 የፍርድ ቤቱ ዋና የሕግ አማካሪ ይህ በዘር ላይ የተመሠረተ ቀጥተኛ አድልዎ ነው የሚል አስተያየት ሰጡ።

ሮተርዳም ያለውን ልጨምር። በ2006 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ በአካባቢው ስድስት ዓመት ያልኖረና የሥራ ገቢ የሌለው ሰው በተመረጡ ሰፈሮች ቤት እንዳይከራይ ይከለክላል። አንዲት ሁለት ልጅ ያላት እናት፣ አከራይዋ ቤቱን ማደስ ፈልጎ እዚያው ሰፈር ሰፋ ያለ፣ ጓሮ ያለው ቤት ስጥቼሻለሁ ሲላት፣ ከተማው ፈቃድ ከለከላት። ክሷ የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2017 ተረታች። አዩልኝ እንግዲህ! ሰው በሚኖርበት ሰፈር ውስጥ ቤት እንዳይለውጥ መከልከሉም «ስብጥር» ነው።

ወደ ቤታችን ወደ ለንደን

ቶኒ ብሌር ጠቅላይ ሚኒስትር በሆኑ በአንድ ወራቸው፣ በጁን 1997፣ ንግግር ያደረጉት ደቡብ ለንደን ኤይልስበሪ በሚባለው ሰፈር ነበር። የተረሳ ሰው አይኖርም አሉ። የኤይልስበሪን ጎረቤት ሄይጌትን ግን ዛሬ ብትፈልጉት አታገኙትም። በ1974 ተሠርቶ ያለቀ፣ ከ1 ሺህ በላይ ቤት የነበረው ሰፈር በ2014 ጨርሶ ፈረሰ። በምትኩ ከ2 ሺህ 500 በላይ ቤት ተነሣ፤ ከዚያ ውስጥ በድሮው ዓይነት ማኅበራዊ ኪራይ የሚከራየው ወደ 100 ግድም ነው። ቤታቸውን ገዝተው የነበሩትም የተሰጣቸው ካሳ በዚያው ሰፈር ቤት አልገዛላቸው ስላለ ወደ ከተማው ዳርና ከዚያም ወዲያ ተበተኑ። ይህን ማን ስብጥር ይለዋል?

ተቀላቅለው የቀሩትስ? በ2019 ደቡብ ለንደን ውስጥ ባንድ አዲስ ግቢ የባለቤቶቹ ልጆች የሚጫወቱበት ሣር ለማኅበራዊ ተከራዮቹ ልጆች መከልከሉ ተጋለጠ። በመሃል የተተከለ አጥር ነበር። ልጆቹ ባንድ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ ቤት ሲመለሱ ግን አንዱ ይጫወታል፣ ሌላው በመስኮት ያያል። አገር ጉድ ካለ በኋላ ነው የተስተካከለው።

ስለ ግሬንፌል ለእናንተ መናገር ይከብደኛል፤ እዚህ ውስጥ ወዳጅ ዘመዱን የቀበረ አለ። ጁን 14 ቀን 2017 ሌሊት በተነሣው እሳት ከሞቱት 72 ሰዎች መካከል የእኛም የኤርትራ ወንድሞቻችንም ቤተሰቦች ነበሩ። ያንን ባለ 24 ደርብ ፎቅ ያቃጠለው ድህነት አልነበረም፤ «እድሳት» ነበር። በ2016 ባለቀው እድሳት ፎቁን አለበሱት፤ ለሙቀትም፣ ከውጭ ለሚያየውም እንዲያምር። ታስቦ በነበረው ዚንክ ፈንታ ርካሹን፣ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነውን አሉሚኒየም ገጠሙበት። ነዋሪዎቹ ስለ እሳት አደጋ አስቀድመው ጮኸዋል። ማን ሰማቸው? በሴፕቴምበር 2024 የወጣው የመጨረሻው የምርመራ ዘገባ ሲቀርብ ሰብሳቢው ዳኛ ሞታቸው ሁሉ ሊቀር ይችል እንደነበር ተናገሩ።

ለዚህ ነው መልሶ ማልማት ሲባል መጀመሪያ «ለማን ዓይን ነው የሚያምረው?» ብላችሁ እንድትጠይቁ የምለው።

ሌላ መንገድ የለም ወይ?

አለ። ቦርዶ ውስጥ ግራን ፓርክ በሚባል ሰፈር 530 ቤት ያላቸው ሦስት ፎቆች ነበሩ። ላካቶንና ቫሳል የተባሉት አርክቴክቶች አናፈርስም አሉ። ከውጭ በኩል መስታወት ያለው ሰፊ በረንዳ ጨመሩበት፤ ክፍሉ ሰፋ፣ ብርሃን ገባ። ተከራዩ ሥራው ሲሠራ ከቤቱ አልወጣም። በ2019 ያንኑ የአውሮፓ ሽልማት አገኙ፤ በ2021 ደግሞ የሙያው ትልቁን ሽልማት፣ ፕሪትዝከርን ወሰዱ። ድሃን ሳያፈናቅሉም ስም ማግኘት ይቻላል ማለት ነው።

ቪየናን ደግሞ እዩ። ከተማዋ ራሷ ወደ 220 ሺህ የሚጠጋ ቤት አላት። ካርል ማርክስ ሆፍ የተባለው፣ በ1930 የተመረቀውና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ሕንፃ፣ በ1934 የእርስ በርስ ጦርነት መድፍ ተተኩሶበታል፤ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉ በከተማ ወይም በድጎማ ቤት ነው ያለው። ምሥጢሩ ምንድነው? የገቢው ጣሪያ ከፍ ያለ ስለሆነ ነርሷም አስተማሪውም ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ደመወዝህ አደገ ብሎ የሚያስወጣ የለም። ጽዳት ሠራተኛዋና መሐንዲሱ ጎረቤት የሆኑት ማንም ተፈናቅሎ አይደለም፤ ቤቱ ጥሩ ስለሆነ ሁለቱም ስለፈለጉት ነው። ቪየና ችግር የላትም አልልም፤ አዲስ መጤ ወረፋው ያስመርረዋል። ስብጥር ካሉ ግን ስብጥር ይህ ነው።

እኛም እኮ ይህን እናውቀው ነበር። በድሮው የአዲስ አበባ ሰፈር የባለ ርስቱ ግቢና የልብስ አጣቢዋ ቤት አጥር ለአጥር ነበሩ። ባንድ ዕድር ይቀባበሩ ነበር። በ2024 ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ከግድግዳው ጋር የሄደው እሱ ነው። ቤት በካሳ ይተካ ይሆናል፤ ዕድር ግን በካሳ አይተካም። አውሮፓ በቢሊዮን አውጥቶ ሊሠራው የሚለፋበትን ነገር እኛ በነፃ ይዘነው ነበር። ከዚህ በላይ አልልም፤ የገባው ይግባው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከጁላይ 2018 ወዲህ፣ ከለንደን ከንቲባ ገንዘብ የሚወስድና ማኅበራዊ ቤት የሚያፈርስ ትልቅ ፕሮጀክት የነዋሪውን ድምፅ መጠየቅ ግዴታው ነው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊትም አከራዩ ቃሉን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ያላየነው መብት ነው። ታዲያ ሥዕሉን ሳይሆን ጽሑፉን አንብቡ፤ እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ልጆቻችሁን አስቀምጣችሁ አስነብቡ። ከዚያም እነዚህን ጠይቁ፦

አንደኛ፣ ዛሬ ስንት ማኅበራዊ ቤት አለ? ሲያልቅስ ስንት ይኖራል? ቁጥሩን ንገሩን። «አቅምን ያገናዘበ» የሚባለው ቃል አያታልላችሁ፤ የማንን አቅም?

ሁለተኛ፣ እመለሳለሁ ወይ? በስንት ዓመት? ሰባ ዓመት ለሆናት ሴት «በአሥር ዓመት ትመለሻለሽ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሦስተኛ፣ ኪራዬና የውል መብቴ እንዳለ ይቀጥላል?

አራተኛ፣ ማደስ ለምን አልተቻለም? ሒሳቡን አሳዩን። ቦርዶ ችሏል።

አምስተኛ፣ በሩ አንድ ነው ወይስ ሁለት? ሣሩስ የማን ነው?

መልሱ አጥጋቢ ከሆነ «እሺ» በሉ። ሻጋታ ግድግዳና የተሰበረ ሊፍት ቅርስ አይደለም፤ ማንም አፍቅሮት አያድርም። ማፍረስ ሁሉ ክፉ ነው ብዬ አልሰብክም። ካላጠገባችሁ ግን «አይሆንም» ማለት ምስጋና ቢስነት አይደለም። ብዙዎቻችን «ባስጠጉን አገር እንዴት አፍ እንከፍታለን?» እንላለን። ሃያ ስድስት ዓመት ኪራይ የከፈለ ሰው እንግዳ አይደለም።

አክስቴ ወረቀቱን አልጣለችውም። አጣጥፋ ከፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ስሄድ በረንዳው ላይ ባሉት ቀጫጭን ወጣቶች መሃል በእስክሪብቶ ነጠላ የለበሰች ሴት ሥላበታለች። ጎኗ ላይ ጀበናም አለ። «እዚህ ጋ ነኝ» አለችኝ፤ «ለስብሰባው ይዤው እሄዳለሁ።»

እናንተም ያዙና ሂዱ።